አንድ ሜትር በትር

አባቴ በትሩን አሳጥሮ ቆረጠው፣
የሽምብጥ አዛውንት ዱላ ሁሉ በለጠው።
"ለምን አጠረብህ?" ቢሉት መልስ የለውም፤
እኔ ግን ነግሮኛል፤ በልክ አይቀልድም።
ከጫፍ እስከ ጫፉ አንድ ሜትር ሙሉ ነው፣
አርባ ዓመት በረሃ ተጎንብሶ ያየው፤
የሁለት ሀዲድ ርቀት፣
የገራስሌ ጣቢያ የኖረበት ስፋት።

በጥር ሄጄ ነበር። እሱ ጉልበቱን አሞት
"አንቺ እይልኝ" ብሎ፣ ጥያቄውን ጽፎ በወረቀት፦
ደወሉ አለ? ሰዓቱስ? የውሃው ጋን ያንጠባጥባል?
የተከልኳት ኒም ጥላዋ የት ይደርሳል?

ከድሬዳዋ ወዲህ መኪናው ሀዲዱን ይዞ ሄደ፣
ሀዲዱ አንዳንዴ ከአሸዋው ወጣ፣ አንዳንዴ ወረደ፣
እንደሚዋኝ እባብ።

ገራስሌ አሥራ አንድ ቤት ነው፤ ድንጋዩ ቢጫ፣ ጣራው ሾጣጣ፣
እንደ ሩቅ አገር ሰው፣ ባርኔጣ አድርጎ ፀሐይ ላይ የወጣ።
በቲኬቱ መስኮት ፍየል አንገቷን አውጥታ
ታየኛለች፣ ወዴት ነሽ ልትለኝ፣ አፏን ከፍታ።

ሮብሌ የሚባል ጠባቂ የበሩን ቁልፍ ይዟል፤
በሩን ግን ነቅለው ከወሰዱት ብዙ ዘመን ሆኗል።
ቢሆንም ቁልፉን አወጣ፤ አየሩ ላይ አዙሮ
"ግቢ" አለኝ። ገባሁ፣ ጫማዬን አራግፌ፣ እንደ ድሮ።
ውስጡ አሸዋ ነው። አሸዋው ላይ የወፍ እግር።
ግድግዳው ላይ ነጭ ክብ፤ ሰዓቱ እዚያ ነበር።
ደወሉን ጠየቅሁት። "ትምህርት ቤት ወሰዱት" አለ፣
"ጠዋት ጠዋት ይሰማል፣ ነፋሱ ወዲህ ካለ።"
ጋኑ ደርቋል።
ኒሟ ግን ጣራውን አልፋለች፤ ሥሯ ሀዲዱን ፈንቅሎታል፣
አንዱ ብረት ካንዱ ሸሽቷል፤ በትሩ ቢጋደም ስንዝር ይቀረዋል።
ይህን አልነግረውም ብዬ ወሰንኩ እዚያው ቆሜ፣
እፍኝ የኒም ቅጠል ብቻ በመሐረብ ተሸክሜ።

ባሕር ዳር ስደርስ ቅጠሉን አሸተተ። "ያው ናት" አለ፣
ሌላ አልጠየቀም፤ በጣቱ ጠረጴዛውን ሲመታ ዋለ።

በማግስቱ "ወደ ውሃው ውሰጂኝ" አለኝ። በባጃጅ ወረድን፣
ጀልባ ወደሚጠገንበት፣ የወደቡን አጥር ይዘን።
ዘበኛው ይስማው ያውቀዋል፤ ሳይጠይቅ "ግቡ" አለን።
እዚያ ሁለት ብረት አለ፤ በደንገሉ መሐል ሄዶ ሄዶ
ጣና ውስጥ ይገባል፣ ገላውን እንደሚታጠብ ሰው ወርዶ።
የታመመ ጀልባ የሚወጣው በሱ ነው።
"ልጅ ሆነን ባቡር ነበር የምንለው" አለ ይስማው፣
"ጀልባውን፣ ያንን የሚያጨሰውን።"
አባቴ ሳቀ፦ "ለካ ለዚህ ነው የኛን ምድር ባቡር ያሉት፤
የውሃው ስሙን ቀድሞ ቢወስድበት!"

ከዚያ በትሩን አጋደመ፣ ከብረት እስከ ብረት፣ በጥንቃቄ፣ በፍቅር።
አልደረሰም። ቀረው ስንዝር።
ቀና ብሎ አየኝ።
"እዚያም እንዲህ ሆኗል?"
ዝም አልኩ።
"ኒሟ ናት?"
"አዎ።"
"ከጋኑ ውሃ ሰርቄ ነው ያሳደግኳት፣ በጣሳ፤
ሼፉ ቢደርስብኝ ኖሮ ደሞዜ ይሄድ ነበር በሷ።"
ከፊቱ ጣና ተዘርግቷል፣
ማንም በጣሳ የማይቆጥረው።

ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ጆሮውን ሀዲዱ ላይ አስጠጋ፣
ባቡር ሳይታይ በፊት እንደሚያደርገው፣ በዚያ በጋ።
ታንኳውን የሚያስረው እንድሪስ "አባባ ወደቁ!" ብሎ ሮጠ።
አባቴ መዳፉን አነሣ፦ ቆይ። አዳመጠ፣ አዳመጠ።
ከታች ማዕበሉ ብረቱን ይነካል፣ ይተወዋል፣ ይነካል።

"ምን ይላል?" አልኩት።
"ጭነት ነው" አለ። "ባዶ አይደለም፤ ከባድ ነው።
አይቸኩልም።"
የአባቴ ስም ቸኮል ነው።
እስኪያልፍ ጠበቅነው።